ሱፍ የሚቆረቁራቸው፣ ድምፅ የሚሰቀጥጣቸው

ቴምፕል ግራንዲን በአፍላ ዕድሜዋ ለእረፍት አሪዞና ወደሚገኘው የአክስቷ የከብት እርባታ ሄዳ ነበር። ጊዜው 1960ዎቹ መጀመሪያ ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። እዚያ ከብቶቹ ሲከተቡ እንዳይራገጡ ከግራና ከቀኝ ገጥሞ በሚጫን ማቀፊያ ውስጥ ይገባሉ። ልጅቷ ቆማ ስታይ አንድ ነገር ገረማት። እየተንቀጠቀጡ ከሚገቡት አንዳንዶቹ፣ ሁለቱ ጎኖች ቀስ ብለው ሲጫኗቸው ጸጥ ይላሉ። እሷንም እዚያው ውስጥ እንድታስገባት አክስቷን ለመነች። አክስቷም እሺ አለቻት። ጎኖቹ ሲገጥሙባት መጀመሪያ ደነገጠች። ቀጥሎ ግን ሰው አቅፏት አግኝታው የማታውቀው እፎይታ ሰውነቷን ወረሰው።

ግራንዲን ሰው ሊያቅፋት ሲመጣ የምትሸሽ ልጅ ነበረች። መታቀፉን ትመኘዋለች፤ ክንዱ ሲያርፍባት ግን ከአቅሟ በላይ የሆነ ማዕበል እንደሚውጣት ይሰማታል፤ ሰውነቷ ይገተራል፣ ተስፈንጥራ ትወጣለች። እሑድ ለቤተ ክርስቲያን የሚያለብሷት ልብስ ቆዳዋን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቃታል። የትምህርት ቤቱ ደወል፣ የጥርስ ሐኪም መሰርሰሪያ ነርቭ ሲነካ እንደሚያመው ያማታል። ከእርባታው ከተመለሰች በኋላ፣ በ18 ዓመቷ አካባቢ፣ ለራሷ የሚሆን ማቀፊያ ከእንጨት ሠራች። ምን ያህል ይጫን፣ መቼ ይልቀቅ የሚለውን የምትወስነው ራሷ ናት። ዛሬ ግራንዲን በኮሎራዶ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሳይንስ ፕሮፌሰር ናት። ኦቲዝም ካላቸው ሰዎች መካከል ዓለም በደንብ ከሚያውቃቸው አንዷ ስትሆን፣ ቆዳዋና ጆሮዋ የሚያደርሱባትን በራሷ ቃል ጽፋ ለሳይንቲስቶች መንገድ ከጠቆሙት ቀዳሚዎች ትመደባለች።

አማርኛ ለዚህ ስሜት ቃል አላጣም። ማንኪያ ብረት ድስት ሲፍቅ «ሰቀጠጠኝ» እንላለን። ሹራብ ይቆረቁረናል፣ ብርሃን ዓይናችንን ይወጋዋል፣ በርበሬ ሲታመስ አፍንጫችንን ይሰነፍጠናል፣ ጫጫታ ጆሯችንን ይበላዋል። ስሜቱን የማያውቅ ሰው የለም፤ ሰው ከሰው የሚለየው በመጠኑ ነው። አንዱን አልፎ አልፎ የሚሰቀጥጠው ነገር ሌላውን በየቀኑ፣ በየማዕዱ ሲሰቀጥጠው ግን ቋንቋችን ፈጥኖ ሌላ ቃል ያወጣለታል፦ «ቅብጠት»። አባቱ ሾርባ ሲምግ መታገስ አቅቶት ከገበታ የሚነሳ ወጣት ቀበጥ ይባላል። የብርድ ልብሱ ሻካራነት እንቅልፍ የሚነሳት ልጅ ቅምጥል ትባላለች። ባለፉት ሁለት ዐሥርት ዓመታት የአንጎል ተመራማሪዎች ያገኙት ነገር ይህን ፍርድ ደግመን እንድናየው የሚያስገድድ ነው።

ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ጆሮ ላይ አይገኝም። በሰው ማላመጥና መተንፈስ ክፉኛ የሚረበሹ ሰዎች የመስማት ምርመራ ሲደረግላቸው ብዙዎቹ ጆሯቸው እንደማንም ሰው ጆሮ ነው። ልዩነቱን ለማግኘት ድምፁ ከጆሮ ከተነሳ በኋላ የሚሄድበትን መንገድ መከተል ያስፈልጋል።

ይህ መንገድ እጅግ ረጅም ነው። አንጎላችን 86 ቢሊዮን ገደማ የነርቭ ሕዋሳት አሉት። ሕዋሳቱ በቀጫጭን ክሮች ይያያዛሉ፤ ብዙዎቹ ክሮች ደግሞ የኤሌክትሪክ ሽቦ በላስቲክ እንደሚሸፈን ማየሊን በሚባል ቅባታማ ሽፋን ተጠቅልለዋል። የዴንማርክ ተመራማሪዎች በ2003 ባወጡት ስሌት፣ በ20 ዓመት ወንድ አንጎል ውስጥ ያሉት የተሸፈኑ ክሮች ቢቀጣጠሉ 176 ሺህ ኪሎ ሜትር፣ በ20 ዓመት ሴት አንጎል ውስጥ ያሉት ደግሞ 149 ሺህ ኪሎ ሜትር ይሆናሉ። የመሬት ወገብ ዙሪያ 40 ሺህ ኪሎ ሜትር ነው። ሽፋን የሌለው ክር መልእክትን በሰከንድ አንድ ወይም ሁለት ሜትር ሲያስኬድ፣ ጥሩ ሽፋን ያለው ወፍራም ክር ከ100 ሜትር በላይ ሊያስኬድ ይችላል። ስለዚህ የትኛው የአንጎል ክፍል ከየትኛው ጋር፣ ምን ያህል በጠነከረ መስመር ተያይዟል የሚለው ጥያቄ አንድ ሰው ዓለምን እንዴት እንደሚቀበላት ብዙ ይናገራል።

ቆዳ የነካውን ወደ አከርካሪ ይልካል፤ ከአከርካሪ ወደ አንጎል መካከል፣ ታላመስ ወደሚባለው መናኸሪያ ይደርሳል። ከማሽተት በቀር የሌሎቹ የስሜት ሕዋሳት መልእክቶች ሁሉ ወደ አንጎል ቅርፊት ከመድረሳቸው በፊት በዚህ መናኸሪያ ያልፋሉ። መልእክቱ ከዚያ ወደየቅርፊቱ ክፍል ይከፋፈላል። ጎን ለጎን ግን ሌሎች ሁለት ቦታዎችም ይሰሙታል። አንደኛው አሚግዳላ ነው፤ የለውዝ ፍሬ የምታክል፣ አደጋን ቶሎ የምትጠረጥር ክፍል። ሁለተኛው ኢንሱላ ነው፤ ከሚመጣው ስሜት መካከል የቱ ትኩረት ይገባዋል የሚለውን በመለየት ይሠራል፣ የልብ ምትንና የሆድን ስሜትም ያዳምጣል። ከግንባራችን በስተጀርባ ያለው ክፍል ደግሞ ልጓሙን ይዟል፤ ነገሩ ደህና መሆኑ ሲረጋገጥ አሚግዳላን ረጋ በይ የሚላት እሱ ነው።

ጤነኛ አንጎል ከሚሠራቸው ትልልቅ ሥራዎች አንዱ መርሳት ነው። አንባቢው ጠዋት ያጠለቀው ካልሲ ይህ ዓረፍተ ነገር እስኪያነሳው ድረስ ትዝ አላለውም። ካልሲው ቆዳውን መንካት አላቆመም፤ አንጎሉ ግን «ይህን ሰምቼዋለሁ» ብሎ መልሱን ቀንሷል። መላመድ የምንለው ይህንኑ ነው።

በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሎስ አንጀለስ፣ ሹላሚት ግሪን የተባለች ተመራማሪና ባልደረቦቿ ይህን መላመድ በሱፍ ፈተኑት። በ2015 ባሳተሙት ጥናት፣ ኦቲዝም ያለባቸው 19 እና የሌለባቸው 19 ልጆችና ታዳጊዎች በኤም.አር.አይ. መሣሪያ ውስጥ ተኝተው ክንዳቸው በሚኮሰኩስ ሱፍ ይታሻል፤ ደስ የማይል ድምፅም ይሰማሉ፤ አንዳንዴም ሁለቱ በአንድ ላይ ይመጡባቸዋል። ከፍተኛ የስሜት ስሱነት ባላቸው ልጆች አሚግዳላና ስሜት ተቀባዩ ቅርፊት ከሌሎቹ የበለጠ ጮኹ። ይህ የሚጠበቅ ነው። የሚያስደንቀው ከዚያ ቀጥሎ ያለው ነው። ሱፉ ሲደጋገም የሌሎቹ አንጎል መልሱን እየቀነሰ ሲሄድ የእነዚህ ልጆች አንጎል አልቀነሰም። የኋለኛው ማሻሸት ከመጀመሪያው ያልተናነሰ አዲስ ነበር።

አንድ ሌላ ነገርም ታየ። ኦቲዝም ካለባቸው መካከል ስሱነት የማያስቸግራቸው ልጆች ነበሩ። በእነሱ አንጎል፣ የግንባሩ ክፍልና አሚግዳላ የሚነጋገሩበት ሁኔታ ልጓሙ እየተያዘ መሆኑን የሚያሳይ ነበር። የምርመራ ስማቸው አንድ ሆኖ ሳለ ሱፉን የሚታገሱትንና የማይታገሱትን የለያቸው የዚህ መስመር አሠራር ነው። ወላጅም አስተማሪም ልብ ሊለው የሚገባ ነገር ነው፤ «ቻለው፣ ትለምደዋለህ» የሚለው ምክር የሚሠራው አንጎሉ መልመድ ለሚችል ሰው ነውና።

ኦቲዝም የሌለባቸው፣ ትምህርታቸውንም ሥራቸውንም በአግባቡ የሚከታተሉ ብዙ ወጣቶች ደግሞ የሚሸነፉት ለአንድ ዓይነት ድምፅ ነው። ማስቲካ ማላመጥ፣ አፍንጫ መሳብ፣ እስክሪብቶ ማንኳኳት፣ ሻይ ፉት ማለት። ሁኔታው ሚሶፎኒያ ይባላል። ስሙን በ2001 ያወጡለት ማርጋሬትና ፓወል ያስትሬቦፍ የተባሉ ባልና ሚስት ተመራማሪዎች ሲሆኑ፣ በግሪክኛ ድምፅን መጥላት ማለት ነው። ቃሉ ግን ነገሩን በሙሉ አይገልጸውም። እነዚህ ሰዎች ድምፅን ሁሉ አይጠሉም፤ ሙዚቃ ይወዳሉ፣ የዝናብ ድምፅ ያስደስታቸዋል። አንድ ሰው ሲያላምጥ ሲሰሙ ግን ልባቸው ይመታል፣ እጃቸው ያልባል፣ ከየት እንደመጣ የማያውቁት ቁጣ ይነሳባቸዋል። ወዲያው ደግሞ በቁጣቸው ያፍራሉ፤ ምክንያቱም የሚያላምጠው ሰው ብዙ ጊዜ የሚወዱት ሰው ነው።

በእንግሊዝ ኒውካስል ዩኒቨርሲቲ፣ ሱክቢንደር ኩማር የመራው ቡድን በ2017 ሚሶፎኒያ ያለባቸውን 20 እና የሌለባቸውን 22 ሰዎች አወዳደረ። ሦስት ዓይነት ድምፅ አሰማቸው፦ እንደ ዝናብ ያለ ማንንም የማይረብሽ፣ እንደ ሕፃን ለቅሶ ያለ ሁሉንም የሚረብሽ፣ እንደ ማላመጥና መተንፈስ ያለ ቀስቃሽ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ድምፆች ሁለቱ ቡድኖች አልተለያዩም። የሕፃን ለቅሶ ሁሉንም እኩል ረበሻቸው። ማላመጡ ሲመጣ ግን ሚሶፎኒያ ባለባቸው ሰዎች የኢንሱላ የፊት ክፍል ከመጠን በላይ ነደደ፤ ስሜትንና ትዝታን ከሚይዙት ከአሚግዳላና ከሂፖካምፐስ ጋር የነበረው ግንኙነትም ከሌሎቹ የተለየ ሆኖ ተገኘ። በግንባሩ የውስጥ ክፍል ደግሞ የማየሊን መጠን ልዩነት ታየ። የልብ ምታቸውና የቆዳቸው ላብ አብሮ ጨመረ። «አውቀህ ነው» ለሚሉ ሁሉ ይህ በቂ መልስ ይመስላል፤ ማንም አውቆ የኢንሱላውን ሥራ አይጨምርም።

ይኸው ቡድን በ2021 ይዞት የመጣው ውጤት የበለጠ ያልተጠበቀ ነበር። ሚሶፎኒያ ባለባቸው ሰዎች፣ ድምፅ የሚቀበለው የአንጎል ክፍል አፍንና ፊትን ከሚያንቀሳቅሰው ክፍል ጋር በጣም ጠንክሮ ተያይዞ ተገኘ። ጎረቤቱ ሲያላምጥ የሰሚው የራሱ የአፍ ማንቀሳቀሻ ክፍል አብሮ ይነቃል፤ የሚሶፎኒያው ክብደት በጨመረ መጠን ይህም ይጨምራል። በሌላ አነጋገር የሌላው ሰው መንጋጋ ሳይጠራ በእሱ አንጎል ውስጥ ገብቶ ይሠራል። አንዳንዶቹ ሲጨንቃቸው የሚያላምጠውን ሰው መኮረጅ፣ እነሱም አብረው ማላመጥ ይቀላቸው የነበረው ለምን እንደሆነ በዚህ መንገድ ሲታይ ትርጉም ያገኛል። የገባባቸውን እንቅስቃሴ መልሰው የራሳቸው ያደርጉታል።

ነገሩ በወጣቶች ላይ ለምን ይከብዳል? በደቡብ ፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ በ483 ተማሪዎች ላይ ተደርጎ በ2014 የወጣ ጥናት ከመቶ 20 የሚጠጉት ክብደት ያለው የሚሶፎኒያ ምልክት እንዳላቸው አሳየ። በቻይና የኮሌጅ ተማሪዎች ላይ በተደረገ ሌላ ጥናት፣ ኑሯቸው እስኪናጋ የሚቸገሩት ከመቶ 6 ገደማ ናቸው። ቁጥሩ እንደ መለኪያው ይለያያል፤ ጥቂት ሰው አለመሆኑ ግን ግልጽ ነው። ሚሶፎኒያ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በልጅነት መጨረሻና በጉርምስና መግቢያ ነው። በዚያ ዕድሜ አሚግዳላ ቀድማ በሥራ ላይ ናት፤ ከፊተኛው ክፍል ጋር የሚያያይዟት መስመሮች ግን ዘግይተው ከሚበስሉት መካከል ናቸው። በካናዳ ካትሪን ሌብልና ክርስቲያን ቦልዩ የሰዎችን አንጎል ከልጅነት ጀምሮ በኤም.አር.አይ. ደጋግመው እያነሱ በ2011 ባሳዩት መሠረት፣ ከፊተኛው ክፍል ጋር የሚገናኙ መስመሮች ከጉርምስናም በኋላ፣ በወጣትነት ዘመንም መለወጣቸውን ይቀጥላሉ። የ19 ዓመቱ ወጣት ልጓም ገና እየተገመደ ነው። ኑሮውም የሚለወጠው በዚሁ ጊዜ ነው። የለመደውን ቤት ትቶ ስድስትና ስምንት ሆነው ወደሚተኙበት የዩኒቨርሲቲ ማደሪያ ይገባል። ሲጨንቀው በር ዘግቶ የሚቀመጥበት ክፍል የለውም።

መስመሮቹን ማየት የተቻለው በውሃ አማካይነት ነው። አንጎል በአብዛኛው ውሃ ነው፤ ውሃ ደግሞ በክር ጥቅል ውስጥ በርዝመቱ በቀላሉ ይሄዳል፣ በጎን ግን ይታገዳል። ፈረንሳዊው ዴኒ ለ ቢሃን በ1980ዎቹ አጋማሽ ኤም.አር.አይ. ይህን የውሃ እንቅስቃሴ እንዲለካ አደረገ፤ ፒተር ባሰርና ባልደረቦቹ በ1994 አቅጣጫውን የሚያሰላ ስልት ጨመሩበት። ከዚያ ወዲህ የሕያው ሰው አንጎል ሳይከፈት የክሮቹን ጎዳና መሳል ተችሏል። በሳን ፍራንሲስኮ፣ ኤሊሳ ማርኮ ያለችበት ቡድን በ2013 በዚህ ስልት የስሜት አቀባበል ችግር ያለባቸውን 16 ወንድ ልጆች ከ24 ሌሎች ጋር አወዳድሮ፣ ልዩነቱ በተለይ በአንጎል የኋላ ክፍል፣ እይታን፣ ድምፅንና ንክኪን በሚያገናኙ መስመሮች ላይ መሆኑን አሳየ። በአሜሪካ ከ22 እስከ 35 ዓመት ያሉ ከ1,000 በላይ ወጣቶችን አንጎል የሰነደው ትልቁ የአንጎል ትስስር ፕሮጀክትም ለዚህ ጥያቄ ውሏል። በ2022 በወጣ አንድ ጥናት፣ የስሱነት ዝንባሌ በሚያሳዩ ወጣቶች አንጎል በማየሊን የተሸፈኑት ክሮች ረቂቅ አሠራር በተወሰኑ መስመሮች ላይ መጠነኛ ልዩነት ታይቶበታል። መጠነኛ መሆኑን ማስመር ይገባል። ወጣቶቹ ስሱነትን ለመለካት የተዘጋጀ መጠይቅ አልሞሉም፤ ዝንባሌው የተገመተው ከሌላ የባሕርይ መጠይቅ በተውጣጡ ጥያቄዎች ነው። የአንድን ሰው የአንጎል ፎቶ አንስቶ «ይህ ስሱ ነው» የሚል ሐኪም ዛሬ የለም።

ግራንዲንም በተለያየ ጊዜ አንጎሏን አስነስታለች። አሚግዳላዋ ከተለመደው እንደሚበልጥ፣ ከእይታ ጋር የተያያዙት ክሮቿም ለማነጻጸር አብራት ከተነሳችው ሴት ክሮች እጅግ እንደሚደነድኑ በ2013 ባሳተመችው መጽሐፍ ጽፋለች። የአንድ ሰው አንጎል ሕግ አይሆንም፤ ቢሆንም በ18 ዓመቷ እንጨት ቆርጣ ማቀፊያ ስትሠራ ከምን ጋር እየታገለች እንደነበር ያሳያል።

ሁሉም ነገር አንጎል ውስጥ ነው የሚለውን ሐሳብ ያናወጠ ግኝት ከሃርቫርድ መጥቷል። ላውረን ኦረፊስና ዴቪድ ጊንቲ በ2016 ከኦቲዝም ጋር የተያያዙ ዘረ መሎችን በአይጦች ላይ ሲያጠኑ፣ ዘረ መሉን ከአንጎል ሳይሆን ከቆዳ ወደ አከርካሪ በሚመጡት የንክኪ ነርቮች ላይ ብቻ አበላሹት። አይጦቹ ንክኪ በዛባቸው፤ ካደጉ በኋላም ፈሪዎችና ከሌሎች አይጦች ጋር መቀላቀል የሚከብዳቸው ሆኑ። አከርካሪው ላይ የንክኪን ኃይል የሚቀንሰው መቆጣጠሪያ አልሠራ ብሏል። ይህን ያነበበ ሰው ከሕፃንነቱ ጀምሮ ልብስ የሚቆረቁረው ልጅ ሲያድግ ለምን ሰው እንደሚሸሽ ሌላ ዓይነት ማብራሪያ ያገኛል። ጠባይ ያልነው ነገር ሥሩ ቆዳ ላይ ሊሆን ይችላል።

ስሱነትን ከቤተሰብ መውረሱስ? በብሪታንያ 2,868 መንትዮች፣ በአማካይ 17 ዓመት የሆናቸው፣ ተጠንተው በ2021 በወጣው ውጤት መሠረት በሰዎች መካከል ካለው የስሱነት ልዩነት ከመቶ 47 ያህሉ በዘር ይገለጻል። የቀረው ከኑሮ ነው። ማይክል ፕሉስና ሌሎች ተመራማሪዎች እንደሚሉት ስሱ የሆኑ ሰዎች የሚጎዱት በክፉ ነገር ብቻ አይደለም፤ ደግ ነገርም ከሌላው አብልጦ ይሠራባቸዋል። ለንደን ውስጥ ለልጃገረዶች በተሰጠ ድብርትን የመከላከል ትምህርት፣ በ2015 በወጣ ጥናት እንደታየው፣ ለውጡ የጎላው ስሱ በሆኑት ላይ ነው። ቤቱ ሲረጋ ቀድመው የሚረጉት እነሱ ናቸው ማለት ነው።

መፍትሔው እንደየሰው ይለያል። በአምስተርዳም 54 ሚሶፎኒያ ያለባቸው ሰዎች በተሳተፉበት ሙከራ፣ ሐሳብንና ባሕርይን የሚያስተካክል የቡድን የንግግር ሕክምና ከወሰዱት ከመቶ 37ቱ በግልጽ ሲሻላቸው፣ ተራ ይጠብቁ ከነበሩት አንድም አልተሻለውም። በሳንታ ክሩዝ የተደረገ ሌላ ሥራ ደግሞ ያው የሚያስጠላ ድምፅ፣ ምንጩ ሌላ በሚመስል ቪዲዮ ታጅቦ ሲቀርብ የሚረብሸው መጠን እንደሚቀንስ አሳየ። ድምፁ አልተነካም፤ አንጎሉ ድምፁን ያያያዘው ከሌላ ነገር ጋር ነው። በእንግሊዝ ሞሪሰንስ የተባለው ትልቅ የገበያ መደብር በ2018 ቅዳሜ ጠዋት ከ3 እስከ 4 ሰዓት መብራት ዝቅ፣ ሙዚቃ ጥፍት የሚልበትን ሰዓት ጀምሯል። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ቤት ውስጥ በቀላሉ የሚደረግ አለ። ልጁ ሲቆረቁረው የአንገቱ መለያ ጨርቅ የተቆረጠ ልብስ መስጠት፤ ማዕድ ላይ ሬዲዮ ከፍቶ ማላመጡን መሸፈን፤ ከገበታ ሲነሳ ምክንያቱን በንቀት ሳይሆን በጥያቄ መጠየቅ። በአንድ ትሪ ለሚበላ ቤተሰብ የመጨረሻው ከባድ ነው፤ ከገበታ መነሳት ከፍቅር መነሳት ይመስላልና። ልጁ ራሱ ግን የሚሸሸው ድምፁን እንጂ እናቱን አለመሆኑን ያውቀዋል፤ የሚያምነው ሰው ያጣ እንደሆነ ነው ዝም የሚለው።

ግራንዲን ማቀፊያዋን ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ተጠቀመችበት። ጥልቅ ጫና ሰውነትን እንዴት እንደሚያረጋጋ በ1992 ባሳተመችው ጽሑፍ፣ ኦቲዝም የሌለባቸው የኮሌጅ ተማሪዎችም ሞክረውት እንደነበር አስፍራለች። በ2010 ከታይም መጽሔት ጋር ስትነጋገር ስለ ማቀፊያው ተጠየቀች። ከሁለት ዓመት በፊት ተሰብሮ እንደነበር፣ ለማሠራትም ጊዜ እንዳላገኘች መለሰች። ሰው ማቀፍ መጀመሯንም አከለችበት።